ለምርቃት የተጫነው ዘፈን

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁም መምጣት አትችሉም፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ተሠርቶ ሳያልቅ ለጥገና ተዘግቷል። እኔ ይርዳው እባላለሁ። ዛሬ ሰው ቤት እያንኳኳሁ ስለ ሳሙና የምናገር ሰው ነኝ፤ ከዚያ በፊት ግን የላይ ቤት ሁለተኛ ካርድ ሰብሳቢ ነበርኩ። አንደኛ ካርድ ሰብሳቢ አልነበረም። ሹማችን "አንደኛ ከተሾመ ሁለተኛው ይሰንፋል" ብለው ቦታውን ባዶ ስለተዉት፣ በየጠዋቱ ባዶውን ወንበር እጅ እየነሳሁ ሥራ እገባ ነበር። ከዚያ ሥራ ወደ ሳሙናው እንዴት እንደመጣሁ ነው የምጽፈው። መሀል ላይ ሠርግ አለ።

ድሮ በከተማችን ዘፈን የሚኖረው ኪስ ውስጥ ነበር። የጣት ጥፍር የምታክል ካርድ ይዛችሁ ጋሽ ዳምጤ ሱቅ ትሰለፋላችሁ። ጋሽ ዳምጤ ዘፈን ጫኝ ነው፤ የፈለጋችሁትን ዘፈን፣ ካስፈለገም ፊልም፣ ካርዷ እስክትሞላ ይጭንላችኋል። ከሱቁ ጀርባ ግድግዳዋ በምንጣፍ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነበረችው፤ የቤታችሁን ዘፈን የምትዘፍኑት እዚያ ገብታችሁ ነው። የቤት ዘፈን ማለት አባወራው ወይም እማወራዋ በገዛ ድምፃቸው የዘፈኑት፣ የዚያ ቤት ብቻ የሆነ ዘፈን ነው። ያለ እሱ በከተማችን ሠርግ አይደገስም።

ጋሽ ዳምጤ ታዲያ አንድ ልማድ ነበረው። ካርዳችሁን ከመመለሱ በፊት መጨረሻው ላይ ለምርቃት አንድ ነገር ጣል ያደርግላችኋል። ምን እንደሆነ ብትጠይቁት "ስትደርስበት ታገኘዋለህ" ይላል እንጂ አይነግራችሁም። ካርድ ሙሉ ዘፈን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ስለሌለ ማንም አልደረሰበትም።

በኋላ "ላይ ቤት" የሚባለው መጣ። ኮረብታው ጫፍ ላይ መስኮት የሌለው ትልቅ ቤት ሠሩና በየቤታችን መቀበያ የሚባል ሰሌዳ ሰቀሉልን። ሹሙ አደባባይ ወጥተው፣ "ከዛሬ ጀምሮ ዘፈኑም ፊልሙም ከላይ ይወርዳል። እናንተ ምንም አትያዙ፤ ጆሯችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑሩ" አሉን። አጨበጨብን። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይል ነበር። ስሙን በትክክል የማታውቁት ዘፈን ሁለት ቃል ስትናገሩ ከተፍ ይላል። ሰልፍ የለም፣ "ካርድህ ሞልቷል" የሚል የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ከተማው በሙሉ ሥራ አልገባም። ዳቦ ጋጋሪው ባለ ሰማንያ ክፍል ፊልም ጀምሮ ዳቦው ከሰል ሆነ፤ እኛም ከሰሉን እየቆረጠምን ያንኑ ፊልም እናይ ስለነበር ማንም አላማረረም። ሰባ ዘጠነኛው ክፍል ላይ ስንደርስ ሰማንያኛውን ከላይ አነሱት። እስከ ዛሬ ከተማችን የፊልሙ ባለታሪክ ሞቷል በሚሉና አልሞተም በሚሉ ለሁለት ተከፍሎ፣ ገበያ የሚወጣው በተለያየ ቀን ነው።

በነጻ የሚያዳምጥ ቤት በየሦስተኛው ዘፈን መሀል አቋራጭ ይመጣበታል። አቋራጭነት የተከበረ ሥራ ነው። ሰውዬው አንኳኩቶ ይገባል፣ ስለ ሳሙና ይናገራል፣ ይወጣል። የሚከፍል ቤት ከሆነ አይገባም፤ መስኮት ላይ ቆሞ አፉን ዘግቶ ሳሙናውን ያሳያል። የእኛ ሰፈር አቋራጭ አቶ ድንበሩ ይባል ነበር፤ አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም።

ጣዕም አዋቂ የሚባልም ክፍል ነበር፤ ምን እንደምትወዱ ከእናንተ በፊት የሚያውቅ። ጎረቤታችን እማማ ብርቅነሽ አንድ ቀን ሥራ እየሠሩ ሳያስቡት አንድ ሙሾ ሰሙ። ጣዕም አዋቂው "እኚህ ሴትዮ ሙሾ ይወዳሉ" ብሎ መዘገበና በየቀኑ ሙሾ ያወርድባቸው ጀመር። ሰፈሩ ድምፁን ሲሰማ ድንኳን ተከለ። እድርተኛው ንፍሮ ቀቀለ፣ ሰው እየመጣ "እግዜር ያጥናዎ" ይላቸዋል፣ እሳቸውም ያለቅሳሉ። በስድስተኛው ወር ላይ እማማ ብርቅነሽ ከፍራሹ ቀና ብለው "ለመሆኑ የሞተው ማነው?" ብለው ጠየቁ። የሚያውቅ አልተገኘም።

ወንዙ ማዶ የማይፈቀዱ ዘፈኖችም ነበሩ። ድልድይ ላይ ቤት የሠራ አንድ ሰው አለ፤ ሳሎኑ ወዲህ፣ መኝታ ቤቱ ማዶ። ሳሎን የጀመረው ዘፈን መኝታ ቤት ሲደርስ "በዚህ አካባቢ አይገኝም" ይለዋል። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ሳሎን ነው የሚተኛው፤ ሚስቱ ማዶ ናት። አንዳንዴ ደግሞ ዘፈኑ መሀል ላይ ይቆምና ሰሌዳው ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች። መጀመሪያ እንበሳጭ ነበር። በኋላ ባርኔጣ አውልቀን ዝም ብለን መጠበቅ ለመድን። ሁለት ሰዎች ሊደባደቡ ሲሉ ክቧ ከመጣች ጠቡ ለሌላ ቀን ይተላለፋል።

ከዚያ ሕጉ ወጣ። ሁሉ ነገር ላይ ካለ ኪስ ውስጥ ያለው ምን ያደርጋል ተባለ። ሹሙ ራሳቸው ሄደው የጋሽ ዳምጤን ሱቅ አሸጉ። ካርድ ያለው ሁሉ እንዲያስረክብ፣ ደብቆ የተገኘ ግን አንድ ዓመት አቋራጭ ሆኖ ስለ ሳሙና እንዲናገር ተወሰነ። ለእኔ ጆንያ ተሰጠኝ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰበሰብኩ። ሰው ካርዱን ሲያስረክብ ያለቅስ ነበር፤ እንደውም ለቅሶው ትንሽ የበዛ መስሎኝ ነበር፣ ግን የሥራ ሰው ነኝና ዝም አልኩ።

እትዬ የሺመቤት ቤትም ሄድኩ። እትዬ የሺመቤት የእጮኛዬ የሽቱ እናት ናቸው። ባላቸው አቶ አስናቀ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ድምፃቸው ያለው በዚያች ካርድ ላይ ብቻ ነው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝና ሳይለቁ ትንሽ ያዙ።

"ይጠፋ ይሆን ልጄ?" አሉኝ።

"ኧረ እትዬ፣ ላይ ቤት የገባ ነገር አይጠፋም" አልኳቸው።

"አንተ ካልክ" አሉና ለቀቁት።

እኔ ግን የራሴን ካርድ አላስረከብኩም። አትፍረዱብኝ። በጎረምሳነቴ፣ ሽቱን ገና በሩቅ ሳውቃት፣ ጋሽ ዳምጤ ክፍል ገብቼ ስለ እሷ ዘፍኛለሁ። ድምፄ ምን እንደሚመስል አልገልጽም። አንድ ጊዜ ቤቴ ከፍቼው የጎረቤት ውሻ ሰፈር ቀይሯል። ይህን ላይ ቤት ካስረከብኩ፣ ጣዕም አዋቂው ተሳስቶ ለከተማው ሁሉ ቢያወርደውስ? ካርዷን በቆዳ አሰፍቼ እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አሰርኳት። ለጠየቀኝ ሁሉ የራስ ምታት መድኃኒት ነው አልኩ።

ከሕጉ በኋላ የመጀመሪያው ሠርግ የእኔና የሽቱ ነበር። የአገራችንን ሥርዓት ስለማታውቁ ልንገራችሁ። የሙሽራዋ ቤት ዘፈን ሲጀምር ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሁለት ትከሻውን እስከ ጆሮው ያነሳል። ዘፈኑ እስኪያልቅ አይወርድም። ሲያልቅ ሁሉም ባንዴ ያወርዳል፣ እልል ይባላል፣ ጋብቻው ያን ጊዜ ጸና ይባላል። አንድ ሰው ቀድሞ ካወረደ ሠርጉ ፈረሰ፤ እንደገና መሞከር የሚቻለው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። የአጎቴን ሠርግ ያፈረሰችው አንድ ሚዜ ጆሮ ውስጥ የገባች ዝንብ ናት። ሽቱ ከዋዜማው ጀምራ አስጠንቅቃኛለች። "ሰባት ዓመት አልጠብቅም ይርዳው፤ ሰባት ቀንም አልጠብቅም" ብላኛለች። የአቶ አስናቀ ዘፈን ግን አራት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ አልሰጋሁም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ዘፈኑ ወረደ። ትከሻችንን አነሳን። የአቶ አስናቀ ጎርናና ድምፅ ዳሱን ሞላው። እትዬ የሺመቤት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ በሩ ተንኳኳ። ለካ ሚዜዎቼ ለማሟሟቂያ ብለው ሁለት ዘፈን አስወርደው ነበር። የቤቱ ዘፈን ሦስተኛ ሆኗል።

አቶ ድንበሩ ገባ። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ እሱም ትከሻውን ጆሮው ድረስ አንስቶ፣ ሳሙናውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ስለ አረፋው ብዛት ተናገረ። ትከሻችንን እንዳነሳን አዳመጥነው። ጥሩ ንግግር ነበር። ሲወጣ ዘፈኑ ተመለሰ፤ አንድ ስንኝ አሰማንና ቆመ። ክቧ መጣች። ባርኔጣ ማውለቅ ያማረው ሰው ብዙ ነበር፣ ግን እጁን ሲሰነዝር ትከሻው እንዳይወርድ ፈርቶ ተወው። ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ "ይህ ዘፈን ከላይ ተነስቷል፤ በምትኩ ይህንን ሊወዱት ይችላሉ" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሙሾ ጀመረ። እማማ ብርቅነሽ ብድግ ብለው በክርናቸው መትተው አጠፉት።

ሹሙ ከክብር እንግዶች መሀል ነበሩ። ትከሻቸው ጆሯቸው ላይ ስለደረሰ የሚታየው ግንባራቸውና አፍንጫቸው ብቻ ነው።

"ክቡር ሹም፣ ዘፈኑ የት ሄደ?" አልኳቸው።

"ደንብ ነው። ከአንድ ቤት በላይ የማይሰማው ዘፈን ቦታ ስለሚያጣብብ ይነሳል። ባለፈው ወር ፈርሜበታለሁ፤ ሥራ ላይ የዋለው ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው።"

"የቤት ዘፈን እኮ ከአንድ ቤት በላይ የሚሰማው የለም።"

"ጥሩ ነጥብ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አንሳው።"

"የሰበሰብኳቸው ካርዶችስ?"

"ቀልጠው የላይ ቤት የበር እጀታ ሆነዋል" አሉ። ትንሽ አሰብ አደረጉና "ጠንካራ እጀታ ነው" ብለው ጨመሩ።

ሰው ሁሉ እንዳለ ቆሟል። ላብ መውረድ ጀመረ፤ የሚጠርገው ግን የለም። አንዱ ሚዜዬ አንገቱ ጠፍቷል። እትዬ የሺመቤት ወደ እኔ ዞሩ። ያረጀ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግን አላወረዱትም።

"አይጠፋም ብለኸኝ አልነበር ልጄ?" አሉኝ። አልተቆጡም፤ የጠየቁኝ ነገሩ የት ላይ እንደተሳሳተ ለማወቅ ነበር። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ሽቱ ደግሞ ከቬሏ ውስጥ ታየኛለች።

ከኋላ ጥግ የጋሽ ዳምጤ ድምፅ መጣ። "አስናቀ የዘፈነ ዕለት ከኋላው የተሰለፈው ማን ነበር?"

"አሁን እሱ ምን ያደርጋል ጋሽ ዳምጤ?" አለ አንዱ እያቃሰተ።

"ምርቃቱ ነዋ። እኔ ሁልጊዜ ከፊት የነበረውን ሰው የቤት ዘፈን ከኋላው ለተሰለፈው ሰው ካርድ መጨረሻ ላይ ነው የምጨምረው። አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ቤት ይገኛል ብዬ።" ዓይኑን ጨፈነ። ሰልፉን አንድ በአንድ እያስታወሰ እንደነበር ያስታውቃል። "አስናቀ... ከሱ ኋላ... ቢጫ ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ። ድምፁ ለጆሮ የሚከብድ።"

ዳሱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ትከሻ ተነስቶ መዞር አስቸጋሪ ስለሆነ ጊዜ ወሰደ።

"ይርዳው" አለች ሽቱ። "አንገትህ ላይ ያለው የራስ ምታት ነው አይደል?"

"ነው።"

"ሦስት ዓመት አብረን ስንሆን አንድ ቀን ራስህን አሞህ አያውቅም።"

ሹሙ አዩኝ። ጆንያውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አንገቴን ብከፍት ሥራዬ አበቃ፤ አንድ ዓመት ሳሙና። ይህን እችለው ነበር። የማልችለው የመጀመሪያውን ዘፈን ነው። እሱን ሳያልፉ ምርቃቱ ላይ አይደረስም። ወደ እትዬ የሺመቤት ትከሻ ተመለከትኩ፤ የግራው ሊወርድ ደርሷል።

"ክሩን በጥስልኝ" አልኩት ሚዜዬን። በጥርሱ በጠሰው።

ካርድ የምትጎርስ አንዲት ትንሽ ራዲዮ እዚያው ቤት ተገኘች፤ ሕጉ ስለ ራዲዮ ስላልተናገረ እትዬ የሺመቤት ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው ያስደግፉባት ነበር። የማሳለፊያ ቁልፏ ወልቋል። ጋሽ ዳምጤ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ትከሻው እንደተነሳ፣ ካርዷን አስገባት።

የእኔ ዘፈን ጀመረ።

ስድስት ደቂቃ ከግማሽ ነው። "ሽቱ" የሚለው ስም ሠላሳ ሰባት ጊዜ ይጠራል፤ ሽቱ ራሷ ቆጥራዋለች። በግጥሙ ውስጥ ዓይኗን ከምን ጋር እንዳወዳደርኩት አልደግምላችሁም፣ ቲማቲም ግን አለበት። ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሳቁ መጣበት። መሳቅ አይከለከልም፤ ትከሻ ማውረድ ነው የተከለከለው። ስለዚህ አራት መቶ ሰው ትከሻውን ጆሮው ላይ አጣብቆ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ከሆዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዳሱ ራሱ ተነቃነቀ። ሹሙ ፊታቸው ቲማቲሙን መሰለ። አቶ ድንበሩ ለካ አልሄደም፤ በር ላይ ቆሞ ሳሙናውን ነክሶታል። እማማ ብርቅነሽ እንባቸው እየወረደ "አሁን ነው የማለቅሰው" አሉ። እኔ መሬት ብትከፈትልኝ ትከሻዬን እንዳነሳሁ እገባ ነበር።

ዘፈኔ አለቀና ሌሎች ዘፈኖች ይመጣሉ ብለን ስንፈራ፣ ያንን ቀን ካርዷ ላይ ሌላ ምንም እንዳላስጫንኩ ትዝ አለኝ። የመጣው የአቶ አስናቀ ድምፅ ነበር። ሳቁ ባንዴ ጠፋ። ክብ የለ፣ አንኳኪ የለ፣ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ድረስ ዘፈኑ። እትዬ የሺመቤት ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ሽቱ በቬሏ ውስጥ ስታለቅስ አየሁ፤ እኔም አለቀስኩ፣ ማንም ስለማይጠርግ ሁላችንም እኩል ረጠብን።

ዜማው ሲያበቃ ልናወርድ ስንል ራዲዮዋ አልዘጋችም። አቶ አስናቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አለቀ ዳምጤ?" አሉ።

"አልቋል" አለ የዚያን ጊዜው ጋሽ ዳምጤ።

"ያ ከኋላዬ የቆመው፣ ባለ ቢጫ ሸሚዙ። ልጄን ሲያያት ነው የዋለው። ሰልፍ ላይ ሲለማመድም ሰምቼዋለሁ፤ እግዜር ይሁነው። በል ይቺን ለእሱ ጨምርለት።"

"ሳትለኝም እጨምርለታለሁ።"

"ጨምርለት። አንድ ቀን ትፈልግበታለች።"

ራዲዮዋ ቀጭ ብላ ዘጋች። አራት መቶ ሰው ስምንት መቶ ትከሻ ባንዴ አወረደ። እልልታው ላይ ቤት ድረስ ተሰምቷል ይላሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም፤ ሰው ሁሉ አንገቱን፣ ቀበቶውን፣ የጫማውን ገበር ይቀድ ጀመር። ካርድ ያልደበቀ አልነበረም። እያለቀሱ ያስረከቡኝ ባዶ ባዶውን ነው። "ከኔ ኋላ ማን ነበር? ያንተ እኔ ጋ ነው! የኔስ?" እየተባባለ ዳሱ ገበያ መሰለ። የላይ ቤት የበር እጀታ ከባዶ ካርድ የተሠራ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። እውነተኛ ካርዳቸውን ያስረከቡ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ እኔን ያመኑት እትዬ የሺመቤት ናቸው።

ሹሙ ወደ እኔ መጡ። "ሰኞ ሥራ ትጀምራለህ። ሳሙናውን ድንበሩ ያስረክብሃል" አሉኝ። እሺ አልኩ። ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ አልሄዱም። ወደ ጋሽ ዳምጤ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሱቅህን ላሽግ የመጣሁ ዕለት እናቴን ይዣቸው መጥቼ ነበር። ታስታውሳለህ?"

"አስታውሳለሁ። ቁጭ ብለው ነው የዘፈኑት። ጥሩ ድምፅ ነበራቸው።"

"ካርዷን የዚያኑ ዕለት አስረከብኩ። ለሕዝቡ አርአያ ልሁን ብዬ። ከእኔ ኋላ የተሰለፈው ማን ነበር?"

ጋሽ ዳምጤ ዓይኑን ጨፈነ። ሰልፉን እንደገና ከፊት እስከ ኋላ ሄደበት።

"ከእርስዎ ኋላ ማንም አልነበረም፣ ክቡር ሹም" አለ። "እርስዎ እንደወጡ ነው በሩን ያሸጉት።"

ሹሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዓታቸውን አዩ፤ ሰባት ሰዓት አልፏል። ዳሱ ውስጥ ሰው እየዘለለ ነበር። መደገፊያ ወንበር አጠገባቸው ቢኖርም አልተቀመጡም።

"እስቲ ያንን ድገሙት" አሉ።

"የአቶ አስናቀን?" አልኳቸው።

"ከመጀመሪያው። ያንተንም ጭምር።"

ራዲዮዋን ከፈትኩላቸው። ሠርጉ ስለጸና ትከሻ ማንሳት የሚጠበቅበት ሰው አልነበረም። ሹሙ ግን ብቻቸውን ቆመው ሁለት ትከሻቸውን እስከ ጆሯቸው አነሱ። እትዬ የሺመቤት ከማዶ አይተዋቸው ነበር። መጥተው አጠገባቸው ቆሙና እሳቸውም የራሳቸውን አነሱ።